አስከሬን የሌለው ሐዘን፦ የሳንቲያጎ ሴቶችና የጆንያ ላይ ስፌታቸው

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

ስለ ሥነ ጥበብ ሕክምና ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ ባለሙያ፣ አንድ ታካሚ፣ ወረቀትና ቀለም ነው። ታሪኩም የጀመረው እንደዚያ ነው። «አርት ቴራፒ» የሚለውን ስያሜ በ1942 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል ነው። ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ተኝቶ ሳለ መሣል መንፈሱን እንደያዘለት አየ። ከዚያ ሌሎች ሕሙማንን ወደ ሥዕል መምራት ጀመረ። ሕመሙም ሥዕሉም የሰውየው የግሉ ነበር።

አንዳንድ ሕመም ግን ምንጩ ከሰውየው ውጭ ነው። የደኅንነት ሰዎች ልጇን የወሰዱባት እናት እንቅልፍ የሚነሳት ልጇ የት እንዳለ የሚነግራት ማጣቷ ነው። እንዲህ ያለችን እናት «ስሜትሽን ሣዪው» ብሎ ወደ ቤቷ መሸኘት ግማሽ ሥራ ነው። ምናልባትም ከግማሽ ያነሰ።

ይህ ጽሑፍ የሚመዘግበው ከ1974 ጀምሮ በቺሊ ዋና ከተማ በሳንቲያጎ ሴቶች ቁራጭ ጨርቅ ጆንያ ላይ እየሰፉ የደረሰባቸውን ያሳዩበትን ሥራ ነው። ሴቶቹ ሕክምና ብለው አልጀመሩትም። የሥነ ልቦና ሐኪምም አልመራውም። ሆኖም ሥነ ጥበብን፣ ፈውስንና የፍትሕ ጥያቄን አያይዘው የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ደጋግመው ወደ እሱ ይመለሳሉ። የሴቶቹን ስም አልጻፍኩም። እነሱም በሥራቸው ላይ ስማቸውን አይጽፉም ነበር፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እናየዋለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ

መስከረም 1 ቀን 1966 ዓ.ም. እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር ሳንቲያጎ ውስጥ ታንክ መንገድ ላይ ወጣ። ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼና ሌሎች የጦር አዛዦች በምርጫ ሥልጣን የያዘውን የሳልቫዶር አዬንዴን መንግሥት ገለበጡ። ቤተ መንግሥቱ በአውሮፕላን ተደበደበ። አዬንዴ በዚያው ቀን ሞተ። ልክ ዓመት ከአንድ ቀን ቆይቶ እዚህ ደርግ ንጉሡን ከዙፋን አወረደ። በርዕዮተ ዓለም ሁለቱ ወታደራዊ መንግሥታት ተቃራኒ ነበሩ። አንዱ ኮሚኒስት ያሳድዳል፤ ሌላው በማርክስና በሌኒን ስም ይምላል። እናቶችን ያስለቀሱበት መንገድ ግን በጣም ይመሳሰላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሳንቲያጎ ብሔራዊ ስታዲየም እስር ቤት ሆነ። በ1974 ዲና የሚባለው የምስጢር ፖሊስ በይፋ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ አፈናው ሥርዓት ያዘ። ሰው ከቤቱ፣ ከመንገድ ወይም ከሥራ ቦታው ይወሰዳል። ቤተሰብ ሲጠይቅ «እንዲህ የሚባል ሰው አላሰርንም» የሚል መልስ ይሰጠዋል። አስከሬንም ሆነ የፍርድ ወረቀት አይገኝም።

ዴሞክራሲ ከተመለሰ በኋላ የተቋቋመው የእውነት ኮሚሽን በ1991 ባወጣው ሪፖርት የተገደሉና የጠፉ 2,279 ሰዎችን መዘገበ። ቁጥሩ በኋላ ጨምሮ ከ3,000 አልፏል። የቺሊ መንግሥት በ2023 የፍለጋ ብሔራዊ ዕቅድ ሲያወጣ በግዳጅ የተሰወሩት 1,469 መሆናቸውን ገለጸ። ከእነዚህ ውስጥ አጽማቸው ተገኝቶ ማንነታቸው የተለየው 307 ብቻ ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተፈልገው ማለት ነው።

ችግሩ አፈና ብቻ አልነበረም። ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ በፖለቲካ አመለካከታቸው ብዙ ሰዎች ከሥራ ተባረሩ። ፋብሪካዎች ተዘጉ። በ1982 ደግሞ ከባድ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፤ ከአሥር ሠራተኞች ሦስት ያህሉ ሥራ ፈቱ ወይም መንግሥት በጥቂት ሳንቲም በሚያሠራቸው የአስቸኳይ ጊዜ ሥራ ላይ ተሰማሩ። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ የድሃ ሰፈሮች ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ድስት አብስሎ ይበላ ነበር።

መንግሥት ያልዘጋው አንድ በር ቤተ ክርስቲያን ነበር። በጥቅምት 1973 የካቶሊክ፣ የሉተራን፣ የሜቶዲስትና የአይሁድ እምነት መሪዎች ተባብረው የሰላም ትብብር ኮሚቴ አቋቋሙ። ፒኖቼ በ1975 መጨረሻ ላይ ኮሚቴው እንዲዘጋ አደረገ። ካርዲናል ራውል ሲልቫ ኤንሪኬስ ግን አልተበገሩም። በጥር 1976 ሥራውን በቀጥታ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር አድርገው «ቪካሪያ ዴ ላ ሶሊዳሪዳድ» (የአጋርነት ቢሮ እንደማለት) በሚል ስም ቀጠሉት። ቢሮው ከከተማዋ ካቴድራል ጎን ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ወታደር መላክ ካቶሊክ በሚበዛበት አገር ለጄኔራሉም ቀላል አልነበረም።

ችግሩ

ወደ ኮሚቴው የሚመጡት ሴቶች ከተማዋን ዞረው የጨረሱ ነበሩ። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ እስር ቤት፣ በመጨረሻም ሬሳ ቤት። በየበሩ እየተገናኙ ፊት ለፊት መተዋወቅ ጀመሩ። የኮሚቴው ጠበቆች በሺዎች የሚቆጠሩ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታዎችን ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ውድቅ ሆኑ።

ሴቶቹ ላይ የወደቀው ሸክም ተደራራቢ ነው። የመጀመሪያው ሐዘኑ ራሱ ነው። የሞተ ሰው ይለቀስለታል፤ ይቀበራል፤ ቤተሰብ እርሙን ያወጣል። የጠፋ ሰው ግን ሞቷል ቢሉት ክህደት ይመስላል፣ ሕያው ነው ቢሉት ማስረጃ የለም። ሚስቱ ጥቁር አትለብስ፣ ነጭ አትለብስ። ፖሊን ቦስ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እንዲህ ያለውን መጨረሻ የሌለው ሐዘን በ1970ዎቹ ማጥናት ጀምራ ነበር። መነሻዋ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ የአሜሪካ አብራሪዎች ቤተሰቦች ነበሩ። ያገኘችው ነገር ለሳንቲያጎ ሴቶችም ይሠራል፦ ችግሩ ያለው ሁኔታው ላይ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ስለደከመ አይደለም።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ጎረቤት ሰላምታ ይነፍጋል፤ ዘመድ ቤት መምጣት ያቆማል። ጋዜጣው «ጠፉ የሚባሉት ሰዎች አገር ጥለው የኮበለሉ ናቸው» ብሎ ይጽፋል። ሴትየዋ ያየችውን የሚያምናት የለም። የቀይ ሽብር ዘመን እናቶቻችን ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልጋቸውም። እዚህም ልጅህ ተገደለ ተብሎ ለቅሶ መቀመጥ ወንጀል የሆነበት ጊዜ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ ዳቦ ነው። የተወሰደው ሰው በአብዛኛው የቤቱ ራስ ነበር። ስለ ሴቶቹ የሚጻፉ አንዳንድ ጽሑፎች ይህን በግርጌ ያልፉታል። እኔ ግን ሥራው ለምን ጸንቶ እንደቆየ የሚያስረዳው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል።

የተደረገው

በ1974 ኮሚቴው ለሴቶቹ ትንንሽ የእጅ ሥራ ቡድኖች ማደራጀት ጀመረ። ዓላማው ሁለት ነበር፦ ጥቂት ገንዘብ እንዲያገኙ፣ አብረውም እንዲቀመጡ። ኮሚቴው ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሠዓሊ ምን ቢሠራ እንደሚሻል ከሴቶቹ ጋር አሰበች። የሱፍ ጥልፍ በአገሩ የታወቀ ነበር። ዘፋኟ ቪዮሌታ ፓራም በጆንያ ላይ ጠልፋ በ1964 ፓሪስ ሉቭር ውስጥ አሳይታለች። ሱፍ ግን ውድ ነው፤ ጥልፍም ጊዜ ይበላል። ስለዚህ ቁራጭ ጨርቅ እየቆረጡ ጆንያ ላይ መስፋት ተመረጠ። ውጤቱ የጆንያውን ስም ወርሶ አርፒዬራ ተባለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዱቄት ወይም የድንች ጆንያ ይቆረጣል። በላዩ ላይ ከቁራጭ ጨርቅ ቤት፣ ዛፍ፣ መንገድ፣ ሰው ይሰፋል። ሰዎቹ ብዙውን ጊዜ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ ከጨርቁ ወጣ ብለው ይቆማሉ፤ ዐይንና አፋቸው በክር ይጠለፋል። ከበስተጀርባ የአንዲስ ተራሮች፣ በላያቸውም ፀሐይ አለ። ዳር ዳሩ በኪሮሽ ይዘጋል። ክብሪት እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ የፕላስቲክ ቁራጭ፣ የተገኘው ሁሉ ይገባል። ከጠፋው ሰው ሸሚዝ ወይም ሱሪ የተቀደደ ጨርቅ የሰፉም ነበሩ። አንዳንዶቹ የራሳቸውን ጸጉር ለአሻንጉሊቷ ጸጉር አደረጉ።

ሥዕሉ የሚያሳየው የደረሰባቸውን ነው። ሌሊት በር የሚሰብሩ ወታደሮች። የአንድ ሰው ወንበር ባዶ የሆነበት የምሳ ጠረጴዛ። የተዘጋ ፋብሪካ። የሰፈር የጋራ ድስት። ውሃ ለመቅዳት የተሰለፉ ሴቶች። «የት ናቸው?» የሚል ጽሑፍ የያዙ ሚስቶች። ቀለሙ ግን ደማቅ ነው፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ከሩቅ ያየው ሰው የልጆች ክፍል ጌጥ ይመስለዋል። ቀርቦ ሲያይ ነው የሚደነግጠው።

ሴቶቹ በየሳምንቱ ተሰብስበው ይሰፋሉ። የሚሠራውን ርዕስ ይወያያሉ፤ አንዷ የሌላዋን ሥራ ታያለች፤ የጨረሱትን ለመሥሪያ ቤቱ ያስረክባሉ። ቪካሪያ ሥራውን ይገዛና በአገር ውስጥ ለሚያምናቸው ሰዎች ይሸጣል። አብዛኛውን ግን ወደ ውጭ ይልካል። በዚያ ዘመን ወደ 200,000 የሚጠጉ ቺሊያውያን በስደት ነበሩ ተብሎ ይገመታል። እነሱና የአጋርነት ማኅበራት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽና በስብሰባ ላይ ይሸጡታል። ገንዘቡ ወደ ሴቶቹ ይመለሳል። ከገንዘቡ ትንሽ ድርሻ ለቡድኑ የጋራ ሣጥን ይቀራል፤ የታመመች ወይም የቸገራት ከዚያ ትረዳለች። ዕድር ለለመደ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

ስም አይጻፍበትም ነበር፤ ምክንያቱ ፍርሃት ነው። በስሟ የተያዘ አርፒዬራ ሌሊት በሯን ሊያስሰብር ይችላል። አንዳንዶቹ አርፒዬራዎች ግን ከጀርባቸው ትንሽ ኪስ ነበራቸው። ኪሷ ውስጥ ሥዕሉ ስለምን እንደሆነ የሚናገር አጭር ወረቀት ይገባል። ቶሮንቶ ወይም ፓሪስ ያለ ገዢ ወረቀቱን አውጥቶ ያነባል።

ቡድኖቹ ሁለት ዓይነት ሆኑ። አንዱ ዓይነት የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው። ሌላው፣ በቁጥር የሚበልጠው፣ ሥራ አጥ ባል ያላቸው የድሃ ሰፈር ሴቶች ነው። ሥራው ወደ ሰፈሮቹ የተስፋፋው በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በኩል ነው።

የሠራው

ከሁሉም አስቀድሞ መሰብሰቡ ሠራ። ቤት ውስጥ ብቻዋን የምታለቅስ ሴት እዚህ ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ከደረሰባቸው ጋር ትቀመጣለች። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ዐይን ለዐይን ተያይቶ መናገር የሚከብደው ነገር መርፌ ላይ ዐይን ተተክሎ ሲነገር ይቀላል። ሴቶቹ በኋላ በሰጡት ምስክርነት ደጋግመው የሚያነሱት ይህን ነው፦ አብረን አለቀስን፣ አብረን ሳቅን፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ አወቅሁ።

የመስፋቱ ፍጥነት ራሱ ጠቃሚ ነበር። አንድ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ለመሥራት ጨርቅ መምረጥ፣ መቁረጥ፣ መጠቅለል፣ መስፋት አለ። ያን የሌሊት ትዝታ ሴትየዋ በራሷ ፍጥነት ትቀርበዋለች። ከከበዳት ወታደሩን ትታ ተራራውን ትሰፋለች። ዛሬ በአሰቃቂ ነገር የተጎዱ ሰዎችን የሚረዱ ባለሙያዎች የታካሚው መቆጣጠር ወሳኝ ነው ይላሉ። እነዚህ ሴቶች መቀሱ በእጃቸው ነበር።

ሦስተኛው ነገር ምስክርነት ነው። በዚያው ዘመን የቺሊ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ተመሳሳይ ነገር ላይ ደርሰው ነበር። የተሰቃዩ ሰዎችን ቃል በቴፕ ቀርጸው፣ ጽፈው፣ ከራሳቸው ጋር እያረሙ ያስነብቧቸዋል። ጽሑፉ ፈውስም ነው፣ ማስረጃም ነው። በ1983 ይህን አሠራር የሚያብራራ ጽሑፍ በአሜሪካ የሙያ መጽሔት ላይ ታተመ። ጸሐፊዎቹ ለደኅንነታቸው ሲሉ የብዕር ስም ተጠቀሙ። ይህ ዛሬ በብዙ አገር የምስክርነት ሕክምና የሚባለው ዘዴ ምንጭ ነው። አርፒዬራውም በጨርቅ የተሠራ ምስክርነት ነበር ማለት ይቻላል። ጋዜጣ የካደውን ነገር ሴትየዋ ሰፍታ ታሳያለች። አንድ ሰው በሌላ አገር ገዝቶ ግድግዳው ላይ ሲሰቅለው ደግሞ ታመነች ማለት ነው። ከደረሰባት ውስጥ አንዱ ትልቅ ጉዳት አለመታመን ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ገንዘቡ። ብዙ አልነበረም። ግን ወተትና ዳቦ ገዛ፤ የትምህርት ቤት ጫማ ገዛ። ገንዘብ በመሆኑም ሴትየዋን ከቤት ለማስወጣት ምክንያት ሆነ። ብዙ ባሎች ሚስቶቻቸው ስብሰባ መሄዳቸውን አልወደዱም። ሥራ የፈታ ወንድ ሚስቱ ገቢ ስታመጣ ደስም ይለዋል፣ ያመዋልም። ቀን የቤት ሥራ ሠርተው ሌሊት የሚሰፉ ነበሩ። ውሎ አድሮ ግን ስብሰባው ሌላ ነገር ወለደ። ከሰፈራቸው ወጥተው የማያውቁ ሴቶች ስለ ሕግ፣ ስለ መብት፣ ስለ ሌሎች ሰፈሮች ሰሙ። ከስፌቱ ወደ አደባባይ ተሻገሩ።

በ1977 የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ሳንቲያጎ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የላቲን አሜሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሕንፃ ውስጥ የረሃብ አድማ አደረጉ። በመጋቢት 1978 በሴቶች ቀን ካውፖሊካን በሚባለው አዳራሽ ኩዌካን ብቻቸውን ጨፈሩ። ኩዌካ የቺሊ የጥንድ ጭፈራ ነው፤ ወንድና ሴት ፊት ለፊት መሐረብ እያወዛወዙ ይጨፍሩታል። ሴቶቹ የጠፋውን ሰው ፎቶ ደረታቸው ላይ ሰክተው ያለ ጥንድ ወጡ። በ1979 ደግሞ በተዘጋው የፓርላማ ሕንፃ አጥር ላይ ራሳቸውን በሰንሰለት አሰሩ። እነዚህ ሁሉ ተመልሰው ጨርቅ ላይ ተሰፉ።

በኅዳር 1978 መጨረሻ ላይ በቪካሪያ በኩል በተገኘ ጥቆማ ሎንኬን በሚባል ቦታ ባለ አሮጌ የኖራ ምድጃ ውስጥ የ15 ሰዎች አጽም ተገኘ። በጥቅምት 1973 በፖሊስ የተያዙ የገጠር ሰዎች ነበሩ። ጠፉ የተባሉት ሰዎች መገደላቸው በቁሳዊ ማስረጃ የተረጋገጠበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ሎንኬን ወዲያው የአርፒዬራ ርዕስ ሆነ። ለብዙ ሴቶች ግን ይህ ዜና ተስፋቸውን የቀበረበትም ቀን ነበር። እንዲህ ባለ ሳምንት ቡድኑ ባይኖር ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር የሚለውን ማሰብ ይከብዳል።

ያልሠራው፣ ወይም በከፊል የሠራው

ስፌቱ የጠፋውን ሰው አላመጣም። ይህን ማለት ግልጽ ነገር መድገም ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ስለ አርፒዬራ በሚጻፉ ውብ ጽሑፎች ውስጥ ሴቶቹ «ተፈወሱ» የሚል ቃና አለ፤ አልወደውም። ብዙዎቹ ሳያገኙ ሞቱ። በ1978 የወጣው የምሕረት አዋጅ ከመፈንቅለ መንግሥቱ እስከዚያ ዓመት መጋቢት ድረስ የተፈጸመውን ወንጀል ሸፈነ። የሐዘኑ ምንጭ ክፍት ሆኖ ሳለ ሐዘኑ አይዘጋም። ሥራው ያደረገው ነገር ቢኖር ሴቶቹ ከሐዘናቸው ጋር ቆመው መሄድ እንዲችሉ ነው።

ደኅንነትም አልነበረም። መንግሥትን የሚደግፉ ጋዜጦች ሥራዎቹን የአገር ስም ማጥፊያ አሏቸው። በ1977 መጀመሪያ ላይ አርፒዬራ ለእይታ ያቀርብ የነበረ የሳንቲያጎ ጋለሪ በእሳት ጋየ። ሴቶቹ ሥራቸውን ልብሳቸው ሥር ደብቀው ይዘዋወሩ ነበር። የአደባባይ ምስክርነት ይፈውሳል ስንል ይህን ዋጋ አብረን መቁጠር አለብን።

በጣም የሚያስተምረው ግን የገበያው ነገር ነው። ገዢው ውጭ አገር ነው። ሻጩ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱም ፍላጎት አላቸው። ቪካሪያ ቢዘጋ ሁሉም እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ በጣም የሚያስቆጣ ምስል እንዳይበዛ መጠንቀቅ ነበረበት። ስፌቱ ያልጠነቀቀ ሥራም ይመለሳል፤ አለበለዚያ አይሸጥም። ገዢ የወደደው ምስል ሲታወቅ ደግሞ ያው ምስል ደጋግሞ ይታዘዛል። ቀስ በቀስ አንዳንድ ቡድኖች የራሳቸውን ታሪክ መስፋት ትተው የሚሸጠውን መስፋት ጀመሩ። ወታደሩ ከሥዕሉ ወጣ፤ የገጠር ቤትና የወይን መከር ገባ። በኋላማ አርፒዬራ የቱሪስት ገበያ ላይ የሚሸጥ የደስ ደስ ያለው ጌጥ ሆነ።

ለዚህ ሴቶቹን መውቀስ አይቻልም፤ ልጅ መመገብ አለባቸው። ይሁንና አንዲት ሴት የልጇን መወሰድ ለአሥረኛ ጊዜ በትዕዛዝ ስትሰፋው ፈውስ መሆኑ ያበቃል። የፋብሪካ ሥራ ይሆናል፣ አንዳንዴም ቁስል መነካካት።

በጥቅምት 1988 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 56 በመቶ ገደማ የሚሆነው መራጭ ፒኖቼን «አይሆንም» አለ። በመጋቢት 1990 የሲቪል መንግሥት ሥልጣን ያዘ። ቪካሪያ በ1992 ተዘጋ። የውጭ ገዢዎችም አምባገነኑ ከሄደ ወዲህ ግዢውን ቀነሱ። የጠፉት አልተገኙም፤ ድህነቱም አልጠፋም፤ ገበያው ግን ጠፋ። ብዙ ቡድኖች ተበተኑ። አሥራ አምስት ዓመት የተሰበሰቡበት አዳራሽ ሲዘጋ የቀረባቸው ገቢ ብቻ አልነበረም።

ስም አለመጻፉም የራሱን ዕዳ ትቶ አለፈ። በዚያ ዘመን ሕይወት አትርፏል። አሁን ግን አርፒዬራዎቹ በዓለም ሙዚየሞች ተሰቅለው ከሥራቸው «ሠሪዋ ያልታወቀች» ተብሎ ይጻፋል። ሳንቲያጎ ያለው የትዝታና የሰብዓዊ መብት ሙዚየም በጥር 2010 ሲከፈት አርፒዬራ ከስብስቡ አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ጥግ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። እዚያ የምናየው ፎቶ፣ ልብስና አጽም ነው። ፎቶዎቹ ስም አላቸው። የእናቶቹ የእጅ ሥራ ግን የለም፤ እንዲሠሩ የጋበዛቸው፣ ጥላ የሆናቸው አካል በጊዜው አልነበረምና።

ለሌላ ቦታ የሚወሰድ

የአርፒዬራ ዘዴ ከቺሊ ወጥቶ ፔሩ ውስጥ በሊማ ዳርቻ የሚኖሩ ሴቶች ዘንድ ደረሰ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ስለ ግጭቱ ለመናገር ተጠቀሙበት። ብራዚል ውስጥ በግድብ ምክንያት የተፈናቀሉ ሴቶች ሰፉበት። ስለዚህ ይሻገራል። ጥያቄው ምኑ ይሻገራል ነው። ጆንያውና መርፌው እንደ አገሩ ይቀየራል። እኛ አገር ጥልፍ አለ፣ ስፌት አለ፣ ሸክላ አለ። በሰሜኑ ጦርነት የተጎዱ ወይም የተፈናቀሉ ሴቶችን፣ ከዓረብ አገር ተጎድተው የተመለሱ እህቶችን የሚያግዙ ሰዎች ሥራ ሲያቅዱ ከዚህ ጉዳይ የሚያነሱት ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ ነገር፣ «ያጋጠመሽን ሣዪ» በሚል ትእዛዝ አይጀመርም። የሳንቲያጎ ሴቶች መጀመሪያ የመጡት ለገቢና ለአብሮነት ነው። ታሪኩ የወጣው መተማመን ሲመጣ ነው። ማንም ወታደሩን እንድትሰፋ አልተገደደችም። ተራራ ብቻ ሰፍቶ መሄድም ይፈቀድ ነበር፤ መፈቀድም አለበት።

ገንዘቡን ከፈውሱ ለይቶ ማየት የቢሮ ልማድ ነው። አንዱ ፕሮጀክት «የሥነ ልቦና ድጋፍ» ይባላል፣ ሌላው «የገቢ ማስገኛ»፤ ሁለቱ አይገናኙም። እዚህ ጉዳይ ላይ አብረው ስለነበሩ ነው የቆዩት። ግን ገንዘቡ ከሥዕሉ ይዘት ጋር ሲጣበቅ ችግር እንደሚያመጣም አይተናል። እኔ ብሆን ለሽያጭ የሚሠራውንና ለራስ የሚሠራውን እለየው ነበር። ለገበያ የሚሆነው የጠረጴዛ ልብስም ይሁን ቦርሳ፣ ያማረ የእጅ ሥራ ይሁን። የራስ ታሪክ የያዘው ግን በባለቤቷ እጅ ይቆይ፤ ለማን እንደሚታይና እንደሚሸጥ እሷ ትወስን። ለጋሽ ድርጅት ለሪፖርት ሽፋን ፎቶ ሲፈልግ ብዙውን ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው በዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። አስተባባሪው እምቢ ማለት መቻል አለበት።

ጥላ ያስፈልጋል። ቪካሪያ ባይኖር አርፒዬራ በስድስት ወር ውስጥ ያበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጠበቃ፣ አዳራሽ፣ መጋዘን፣ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው፣ ከሁሉም በላይ መንግሥት በቀላሉ የማይነካው ስም ነበረው። ሴቶችን ሰብስቦ በአደባባይ ታሪካቸውን እንዲናገሩ ማድረግ ቀላል ነው። ማግስቱን የሚመጣውን የሚሸከም አካል ከሌለ ግን ባይጀመር ይሻላል።

የቡድኑ አመራር ነገር በብዙ ጽሑፍ አይነሳም፤ ግን ትልቅ ነው። ሴቶቹ ርዕስ ይመርጡ ነበር፣ ገንዘብ ይይዙ ነበር፣ አንዷ የሌላዋን ሥራ ትገመግም ነበር። ከውጭ የመጣችው ሠዓሊ ዘዴውን አሳየች፤ ታሪኩን ግን አልመረጠችም። የእኛ ማኅበርና ዕድር ይህን ያውቀዋል፤ ሰብሳቢ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ደንብ አለው። አዲስ «የድጋፍ ቡድን» ከመፍጠር በነበረው ማኅበር ላይ መጨመር ብዙ ጊዜ ይቀላል።

ስለ ስም ደግሞ አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። አደጋ ባለበት ስም አይጻፍም። ግን ማን ምን እንደሠራች የሚያሳይ ዝርዝር በታመነ እጅ ተዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ጊዜው ሲቀየር ባለቤቷ ወይም ልጆቿ ከፈለጉ ይከፈታል። ቺሊ ውስጥ ይህ በሰፊው ስላልተደረገ ዛሬ ተመራማሪዎች ከስፌቱ አኳኋን ተነስተው ሠሪዋን ለመገመት ይሞክራሉ።

የመጨረሻው ስለ መውጫ ነው። ቪካሪያ ሲዘጋ ቡድኖቹ የራሳቸው ገዢ፣ የራሳቸው አዳራሽ፣ የራሳቸው የባንክ ሒሳብ አልነበራቸውም፤ ሁሉም ነገር በመሥሪያ ቤቱ በኩል ያልፍ ነበር። የፕሮጀክት ገንዘብ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ነው የሚሰጠው። የጠፋ ሰው ፍለጋ ሃምሳ ዓመት እንደሚወስድ ደግሞ ከቺሊ አይተናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ቁልፉ፣ ደብተሩና የገዢዎቹ አድራሻ በሴቶቹ እጅ መግባት መጀመር አለበት።